ቀዩ መብራት እስኪጠፋ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የተመለስኩት ለጥቂት ሳምንት ብዬ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ተዘጋ፤ ሌላ ሥራ እስካገኝ አባቴ ዘንድ ልቆይ፣ እሳቸውም ብቻቸውን ናቸው አልኩና ጊንጆ ሰፈር ወዳለው የልጅነት ቤቴ ገባሁ። ጥቂት ሳምንት ያልኩት ስምንት ወር ሆነ።

አባቴ ያኔ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ግላኮማ ዓይናቸውን ቀስ በቀስ ወስዶታል፤ ፀሐይ ላይ ይሁኑ ጥላ ውስጥ ከመለየት በቀር የሚያዩት ነገር የለም። ቤቱን ግን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ፣ ሊታጠቡ፣ ወደ ቧንቧው ሲሄዱ ዱላ አይዙም። ስኳሩን የት እንዳስቀመጥኩት ስረሳ የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ እምብዛም አላስፈልጋቸውም ነበር፤ አንዱ ችግሬም ይኸው ነው።

መቀመጥ አልቻልኩም። ግቢውን ጠዋት ጠርጌ ቀትር ላይ እንደገና እጠርገዋለሁ። ጨው ለመግዛት ወጥቼ እመለሳለሁ፤ ከዚያ ክብሪት ለመግዛት እወጣለሁ። ሁለቱንም አንዴ መግዛት እችል ነበር፤ ግን መውጫ ምክንያት እንዳያልቅብኝ እቆጥባለሁ። ስልኬን አንስቼ የላክሁት የሥራ ማመልከቻ መልስ አግኝቶ እንደሆነ አያለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፣ መልሼ አነሳዋለሁ። አንድ ቀን አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ከወዲያ ወዲህ ስል ሲሰሙኝ ቆዩና፣ ይህን ሁሉ እርምጃ በቀጥታ ሄደሽው ቢሆን እስካሁን ሰኮሩ ከተማ ትደርሺ ነበር አሉኝ። መቀለዳቸው ነበር። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፤ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

ከግቢያችን ጥግ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የአባቴ ነጭ ፒክአፕ ስድስት ዓመት ሙሉ ቆሟል። አባቴ ሠላሳ ዓመት በሰው መኪና ቡና ከጅማ አዲስ አበባ ሲያመላልሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው። ይቺን ፒክአፕ የገዙት መጨረሻ ላይ ነው፤ በሕይወታቸው የራሴ ያሏት መኪና እሷ ብቻ ናት። ዓይናቸው መድከሙን ለማንም ሳይናገሩ ሲነዱ ቆይተው፣ አንድ ቀን ወደ ቤት ሲገቡ የበሩን ምሰሶ ገጩ። ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ፣ የተጣመመውን መከላከያ በእጃቸው ዳሰሱት፣ ቁልፉን ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ጎረቤቶች ገፍተው ጥጉ ላይ አቆሙላቸው። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን ለማንም አልሰጡም። መኪናዋን ሽጡልን ለሚሏቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «አርፋለች» ይላሉ።

ይህን ሁሉ በስልክ የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት። ከከምባታ አገር ከባሏ ጋር ሥራ ፍለጋ መጥታ ጅማ የቀረች፣ መንገድ ዳር ድንችና ጎመን የምትሸጥ ሴት ናት። እኛ ሙስሊም፣ እሷ ጴንጤ። ድንቹን እያጠበች መዝሙር ስለምትዘምር አባቴ «ዘማሪዋ» ይሏታል፤ እሷ ደግሞ አባባ ትላቸዋለች። አዲስ አበባ በነበርኩባቸው ዓመታት ወጥ ስትሠራ ለእሳቸውም ጨምራ የሠራች፣ ሐኪም ቤት ያደረሰች እሷ ናት። ይህን ማሰብ ያሳፍረኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ከደጋው ከደዶ የመጣላትን ድንች ስታራግፍ ግማሹ በስብሶ አገኘችው። በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድበት የመጣ ነው። ሳትናደድ የበሰበሰውን ለይታ አወጣችና ወደ ፒክአፗ በአገጯ እያመለከተች፣ «እህቴ፣ ይቺ ብትነሳ ድንቹን ከገበሬው እጅ እኛው ራሳችን እናመጣው ነበር» አለችኝ።

እሷ እንዲሁ ያለችው ነገር ነበር። በእኔ ላይ ግን እሳት ለቀቀች። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ መንዳት ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ደዶ፣ ጅማ፣ ድንች የሚገዙት ምግብ ቤቶች ጓሮ፣ ከዚያ እንደገና ደዶ። መሄድ፣ መመለስ፣ መሄድ።

ምሳ ላይ ቁልፉን ጠየቅኳቸው። አባቴ የጎረሱትን እስኪጨርሱ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ መከራከሪያዬን እያዘጋጀሁ ነበር።

«ልሰጥሽ እችላለሁ» አሉ። «ግን እኔ እንዳልኩሽ ካልሆነ አትነሳም።»

እኔ ባትሪና ቤንዚን ብቻ የሚያስፈልግ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ መሆኑን አስረዱኝ። ስድስት ዓመት የተኛ ሞተር ውስጡ ይደርቃል። በብረቱ ላይ የነበረው ዘይት ሁሉ ወደ ታች፣ ወደ ገንዳው ወርዷል። እንዲሁ ከተነሳ ብረት ብረትን ይበላል፤ ለመበላሸት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ስለዚህ ሞተሩ በራሱ ጉልበት ከመዞሩ በፊት ዘይት መጠጣት አለበት። ከዚያ መጠበቅ ነው አሉ። ያቺን የመጨረሻዋን ቃል አልወደድኳትም።

የደዶ ገበያ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ጎረቤቴ በዚያው ዕለት ለምታውቃቸው ገበሬዎች ደውላ ስምንት ጆንያ ድንች እንዲያቆዩልን ነገረቻቸው። እኔ ነኝ ደውዪ ያልኳት።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ዱካቸውን ከመኪናዋ አፍንጫ አጠገብ አስቀምጠው ተቀመጡ። ኮፈኑን ስከፍት አንዲት ዶሮ እየጮኸች ወጣች፤ ከአየር ማጣሪያው ጎን የሣር ጎጆ ሠርታ ሁለት እንቁላል ጥላለች። እንቁላሎቹን ለአባቴ ሰጠኋቸው፤ እስክንጨርስ ድረስ ጭናቸው ላይ እንደያዟቸው ነበሩ። አሮጌውን ቤንዚን በቱቦ ቀዳሁት፤ የቀለም ሽታ አምጥቷል። ቀጥሎ ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ የዘይቱን ማፍሰሻ ብሎን ፈታሁ። የወጣው ጥቁርና ዝልግልግ ነበር። አባቴ እጃቸውን ዘረጉና፣ ትንሽ አንጠብጥቢልኝ አሉ። በአውራ ጣታቸው እያሹ ቆዩ፣ አሸተቱት።

ውኃ አልገባበትም፣ አልሐምዱሊላህ፣ አሉና ልብሳቸው ላይ ሳይሆን በጥንቃቄ በጨርቅ ጠረጉት።

አዲስ ዘይት ሞላሁ። የዘይቱን ማጣሪያ ከመግጠሜ በፊት እሱንም ዘይት እንድሞላው አዘዙኝ፤ ባዶውን ከተገጠመ እሱ እስኪሞላ ድረስ ሞተሩ ይጠማል። ከዚያ አራቱን ካንዴላዎች፣ እሳት የሚሰጡትን፣ ፈትቼ አወጣሁና በየቀዳዳው አንዳንድ ማንኪያ ዘይት አፈሰስኩ። ፒስተኖቹ በዝገት ተይዘው ከሆነ ቀስ ብሎ ይለቃቸዋል።

«አሁንስ?» አልኳቸው።

«አሁን እስከ ነገ ይጠጣ።»

ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። እስከ ነገ የሚባለው ጊዜ ከፊቴ እንደ ዳገት ቆመ። እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ባጃጅ ይዤ አዲስ ባትሪ ገዛሁና አመጣሁ፤ ከዚያ የገዛሁትን ባትሪ ቁጭ ብዬ ሳየው ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ አባቴ የአስርን ሶላት ሰግደው ሲወጡ ኮፈኑን ከፍቼ ዝም ብዬ ቆሜ አገኙኝ። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም፤ መተንፈሴን ሰምተው ይሆናል።

«ኦብሲ፣ ኢንተላኮ» አሉኝ፤ ታገሺ ልጄ ማለታቸው ነው። አባቴ ሲያዝዙ በአማርኛ፣ ሲለምኑ በኦሮምኛ ነው።

በሁለተኛው ቀን ትልቁን የብሎን መፍቻ ከሞተሩ ፊት ካለው ዋና ብሎን ላይ ገጥሜ በእጄ ለማዞር ሞከርኩ። ንቅንቅ አልል አለ። ጎረቤቴን ጠራኋት፤ ጆንያ ተሸክሞ የኖረ ክንድ አላት። ሁለታችን አንድ ላይ ስንጫነው መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ከዚያ ከውስጥ ትንሽ ሲጥ አለና ተንቀሳቀሰ። አባቴ ቢስሚላህ አሉ። ሙሉ ዙር እስኪሞላ ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ፣ እያሉ አስዞሩን። ሞተሩ አልተያዘም። ጎረቤቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጌታ ይመስገን አለችና ወደ ድንቿ ተመለሰች።

ቀጣዩ ሥራ አዲሱን ባትሪ ገጥሞ በሞተሪኖው፣ በማስነሻው ማለት ነው፣ ማዞር ነበር። ካንዴላዎቹ ወጥተዋል፣ ቤንዚን የለም፤ ስለዚህ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። በዞረ ቁጥር የዘይቱ ፓምፕ ከገንዳው ዘይት እየሳበ ወደ ላይ ይልካል። ዘይቱ ደርሶ ሲገፋ፣ መሪው ፊት ለፊት ያለው ቀይ የዘይት መብራት ይጠፋል። መብራቱን የማየው እኔ ነኝ፤ አባቴ ማየት አይችሉም። አሥር ሴኮንድ ታዞሪያለሽ፣ ትተዪዋለሽ፣ ሞተሪኖው እንዳይቃጠል እስኪቀዘቅዝ ትጠብቂያለሽ፣ ትደግሚያለሽ አሉኝ።

አዞርኩ። ቀዩ መብራት በርቷል። ጠበቅሁ፣ አዞርኩ። በርቷል። ስድስት ጊዜ ደገምኩ፣ ሰባት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ። መብራቱ ፍም መስሎ ፍጥጥ ብሎ ያየኛል። ሰማዩ ከከተማው በላይ ጠቁሮ ነበር፤ ዝናብ ከመጣ የቆርቆሮው ጥላ ያፈሳል፣ የካንዴላዎቹም ቀዳዳ ክፍት ነው። ገበያው ከነገ ወዲያ ነው። ስምንት ጆንያ ድንች ተቆፍሮ እየጠበቀን ነው። እግሬ ራሱን ችሎ ወለሉን ይመታ ጀመር። እንዲያ ያለ መቁነጥነጥ ሲይዘኝ እንደምን እንደምሆን አሁንም አውቀዋለሁ፤ ከፊቴ ያለውን ነገር ማለፍ ብቻ እፈልጋለሁ፣ በምንም ይሁን በምን።

ዘጠነኛው ላይ፣ «ጠፋ» አልኩ።

አባቴ አንገታቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አደረጉ።

«ጠፍቷል፣ አባ። ካንዴላዎቹን ልመልስ?»

ከዱካቸው ተነሱ። እንቁላሎቹ ጭናቸው ላይ አልነበሩም ያን ቀን። በመኪናዋ ጎን እጃቸውን እያስነኩ መጡና በሩ አጠገብ ቆሙ። ፊታቸው ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው ጆሯቸው ነው ወደ እኔ የዞረው።

«ሞተር ዘይት ሲያገኝ ድምፁ ይከብዳል» አሉ በለሆሳስ። «እስካሁን እየቀለለው ነው የሚዞረው።»

እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ።

«ኢንተላኮ፣ ዓይኔ አንቺ ነሽ። ዓይኔ ከዋሸኝ በምን አያለሁ?»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቁልፉን እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ አወጣሁና መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። ደረት ኪሳቸው ገባ። በግድግዳው ሥር እየዳሰሱ ወደ ቤት ሄዱ። እኔ ካንዴላዎቹ የወጡባቸውን ቀዳዳዎች በጨርቅ ሸፍኜ ኮፈኑን ዘጋሁ። ዝናቡ መጣ። መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ መሄጃ ስላልነበረኝ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሻይ አፍልቼ አቀረብኩላቸውና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሻያቸውን ጠጡ። ይቅርታዬን ስለ መቀበላቸው ምንም ሳይሉ ስለ ሰኮሩ ያወሩልኝ ጀመር። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። ባዶ የጭነት መኪና ይዘው ከአዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ጊቤን ተሻግረው ዳገቱን ሲወጡ፣ ቀዩ የዘይት መብራት በራ። የመብራቱ ገመድ ነው አሉ ለራሳቸው፤ ገመዱ ከዚያ በፊትም ይረብሻቸው ነበርና። መውጣታቸውን ቀጠሉ። ሰኮሩ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ሞተሩ አንድ ጊዜ ጮኸና ደርቆ ቀረ። ስምንት ቀን ከመኪናው ሥር አደሩ። ባለቤቱ መጥቶ አየና ቁልፉን ተቀበላቸው፤ ሌላም መኪና የሚሰጣቸው ጠፋ። አንድ ዓመት ተኩል ለግንብ ሠራተኛ ድንጋይ ሲያቀብሉ ኖሩ። እናቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ለሰው ሁሉ ታሟል እያሉ ይናገሩ ነበር።

«ለምን አላቆሙም ታዲያ?» አልኳቸው።

«ቸኩዬ ነበር።»

«ወዴት?»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «እሱን ነው የማላስታውሰው» አሉ። «ስንት ጊዜ ላስታውስ ሞክሬያለሁ መሰለሽ። ሠርግ አልነበረም፣ ለቅሶ አልነበረም። ዝም ብዬ ቸኩዬ ነበር።»



በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁልፉን ራሳቸው አምጥተው ሰጡኝ፤ ምን እንደሚደረግም ሲያስቡበት አድረዋል። ችግሩ ፓምፑ ነው አሉ። እሱም ደርቋል፤ የደረቀ ፓምፕ ዘይት መሳብ ትቶ አየር ይስባል፤ እድሜ ልክ ቢዞር ከገንዳው ጠብታ አያነሳም። ስለዚህ ማጣሪያውን እንደገና ፈትተን፣ ከፓምፑ በሚመጣው ቀዳዳ በኩል ዘይት ወደ ኋላ በግድ መጋት አለብን። ለዚህ ደግሞ ትልቅ መርፌ ያስፈልጋል፤ ለሰው ሳይሆን ለከብት የሚሆነው።

ባጃጅ ይዤ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ትልቁን የከብት መርፌ እያወጣ ላሟ ምን እንዳመማት ጠየቀኝ። ላም ሳትሆን መኪና ናት ስለው ግራ ገባው፤ ነገሩን ሳስረዳው ግን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና ከመርፌው ጋር አንድ ክንድ የላስቲክ ቱቦ ጨመረልኝ። የእሱም አባት አንድ ትራክተር አቁመዋልና ከተሳካ ተመልሰሽ ንገሪኝ አለ።

ቤት ስደርስ ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ጓዟን እያሰናዳች አገኘኋት። በማግሥቱ ገበያው ስለሆነ መኪናዋን መጠበቅ እንደማትችል፣ በሚኒባስ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ፊቷ ላይ ቅሬታ አልነበረም። አንድ ቀን ብቻ ስጪኝ ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ይድረስ አይድረስ የማላውቀውን ነገር እንደገና ቃል ልሰጥ አልፈለግሁም።

ያን ቀን ከአባቴ ጋር ብቻችንን ሠራን። መርፌውን ዘይት እየሞላሁ በቱቦው ወደ ቀዳዳው እገፋለሁ፤ እሳቸው በመፍቻው ሞተሩን በትንሹ ወደ ኋላ ያዞራሉ፣ ፓምፑ ዘይቱን እንዲውጥ። መጀመሪያ አረፋ እየተፋ መለሰብኝ፤ እጄም ፊቴም ዘይት ሆነ። አባቴ ቀስ በይ፣ ያስመልሳታል አሉኝ። አራተኛው መርፌ ላይ ወደ ውስጥ ገባና ቀረ። አምስተኛውም እንዲሁ። ማጣሪያውን ሞልቼ ገጠምኩት። ልቤ ወደ ቁልፉ ሮጠ፤ አባቴ ግን የዙህር ሶላት ደርሷል ብለው ሊሰግዱ ሄዱ። እኔም ታጥቤ ከኋላቸው ቆምኩና ሰገድኩ። ውስጤ ስላልተረጋጋ ስንት ረከዓ እንደሆነ ተምታታብኝ፤ እንደገና ጀመርኩት።

ስንመለስ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዞርኩ። የመጀመሪያው አሥር ሴኮንድ፣ ቀዩ መብራት እንዳለ ነው። በሁለተኛውም አለ። በሦስተኛው ላይ ድምፁ ሲለወጥ እኔም ሰማሁት። እስካሁን እየተንቀጫቀጨ ሲሽከረከር የነበረው ነገር በመካከል አንድ ጭነት የተጫነበት መሰለ፤ ዝግ አለ፣ ወፈር አለ። መብራቱ ድንግዝ አለና ጠፋ።

 መናገር ፈራሁ።

«ጠፋ?» አሉ አባቴ።

«ጠፍቷል።»

«ድገሚው።»

ደገምኩት፤ ጠፋ። እንደገና ድገሚው አሉ፤ ጠፋ። ከትናንት ወዲህ ቃሌ ሦስት ምስክር ሳያስፈልገው አልቀረም። ከሦስተኛው በኋላ አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ነገ አሉ። ካንዴላ መመለሱንም፣ ቤንዚን መጨመሩንም፣ ሁሉንም ነገ። ያን ጊዜ ብርሃን ገና ነበር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልናስነሳት እንችል ነበር። ለምን ነገ እንዳሉ እስካሁን አልነገሩኝም። ቶሌ አልኩ፤ እሺ። ኮፈኑን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ።

በማግሥቱ ጎረቤቴ ሊነጋ ሲል ሄደች። እኛ ረፋዱ ላይ ካንዴላዎቹን መለስን፣ አዲስ ቤንዚን ጨመርን። አባቴ መዳፋቸውን ከኮፈኑ ላይ አሳርፈው ቆሙ። ቁልፉን አዞርኩት። ሁለት ጊዜ አስነጠሰች፣ በሦስተኛው ተነሳች። ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ፤ ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያፈሰስነው ዘይት ነበር የሚቃጠለው። ዶሮዎቹ በአጥሩ ላይ ዘለሉ። አባቴ ነዳጅ እንዳልረግጥ፣ በራሷ ቀስ ብላ እንድትሞቅ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ቀጥ ብለው ቆመው ነበር፤ እንዲያ ቀጥ ብለው አይቻቸው አላውቅም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን እንዳሉ በሞተሩ ድምፅ አልሰማሁም።

ጎረቤቴ አመሻሹ ላይ ስትመለስ ከስምንቱ ጆንያ ሁለቱን ብቻ ነበር የያዘችው። ሚኒባሱ ተጨማሪ አልጭንም ስላላት የቀረውን ገበሬዎቹ ለሌላ ነጋዴ ሸጠውታል። እኔ ደውዪ ያልኳት ነገር ከገበሬዎቹ ጋር አሳፍሯታል። ይህን ስነግራት፣ ሞተሩ ተነሳ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ተነሳ አልኳት። እንግዲያው ሌላ ገበያ አለ አለችና ጫማዋን አውልቃ ውኃ ጠጣች።

ጎማዎቹን አስነፍተን፣ ፍሬኑን አስፈትሸን በቀጣዩ ገበያ ሦስታችንም ሄድን። እኔ እየነዳሁ፣ አባቴ መካከል፣ ጎረቤቴ በመስኮቱ በኩል። ከከተማው ወጥተን የደዶን መንገድ እንደያዝን እግሬ ነዳጁ ላይ ከበደ፤ ስምንት ወር የተጠራቀመው መሄድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊወጣ ፈለገ። አባቴ ሁለት ጊዜ ሱታ አሉኝ። ሦስተኛውን ሳይሉኝ ዘማሪዋ መዝሙር ጀመረች፤ አባቴ፣ ዘማሪዋ፣ እባክሽ ዝም በይ፣ ሞተሩን ልስማ አሏት። እሷም ሳቀችና ዝም አለች። ከዚያ በየኩርባው የሚያልፈውን ትነግራቸው ጀመር፤ እዚህ ጋ እንሰት አለ አባባ፣ እዚህ ጋ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ተሠርቷል፣ እዚህ ጋ ገደሉ ተንዷል። እሳቸው ደግሞ የማን ማሳ እንደነበረ፣ ማን የት እንደቆመ ይመልሱላታል። ዓይን ለመሆን እሷ ከእኔ ትሻል ነበር።

ደዶ ገበያ ላይ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። እኔና ጎረቤቴ ድንች ስናስጭን አባቴ ነጭ ሽንኩርት ከሚሸጡት ሴቶች ዘንድ ቁጭ ብለው አገኘናቸው። በኦሮምኛ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እሳቸው አንዱን ራስ በጣታቸው እየጨመቁ ያሸቱታል፣ ይጥሉታል፣ ሌላውን ያነሳሉ። የመረጡት ሁሉ አንድም የተነቀዘ አልነበረበትም። ጎረቤቴ ጆንያውን ከፍታ አየችና፣ ከዛሬ ጀምሮ ነጭ ሽንኩርት የአባባ ሥራ ነው አለች። እንዲያው ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ዱካቸውን ከኋላ ጭነን እንወስድላቸዋለን፤ ሴቶቹም ከሩቅ ሲያዩን ቦታ ይለቁላቸዋል።

ይህ ከሆነ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከላክኋቸው ማመልከቻዎች ለአንዱ መልስ መጥቶልኝ ነበር፤ ሳነበው ደዶ ላይ ጆንያ እያሰርኩ ነበርና መልሱን ሳልጽፍ ቀረሁ። መቁነጥነጡ ግን አልለቀቀኝም። ሰው ሁሉ ሥራ ካገኘሽ ትረጋጊያለሽ ይለኝ ነበር፤ ውሸት ነው። ገበያ በሌለበት ቀን አሁንም ግቢውን ሁለቴ እጠርጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ቁርስ ላይ፣ በአጋሮ በኩል ብንሞክርስ፣ እዚያ አቮካዶ በርካሽ ይገኛል፣ መንገዱ ግን አዲስ ስለሆነብኝ ብቻዬን አንድ ጊዜ ሄጄ ልየው አልኳቸው አባቴን።

ዳቦአቸውን ሻይ ውስጥ ነከሩ።

«ብቻሽን ለምን?» አሉ። «የአጋሮን መንገድ በዚህ ቤት የማውቀው እኔ ነኝ።»